ረኃብን በብልኀት እንጂ በጉልበት ማሸነፍ አይቻልም

ቀድሞ በአገራችን ሰው ከመንገድ ሲመለስ ወይም ከሕመም ሲያገግም «ወፍረሃል፤ አምሮብሃል» መባል እንደ ምርቃት ይቈጠር ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ወጣቶች ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። «ወፈርሽ» የተባለች ተማሪ በማግሥቱ ቍርሷን ትተዋለች፤ «ቦርጭ አወጣህ» የተባለ ተማሪም ምሳውን ለጓደኛው ሰጥቶ ውሃ ሲጠጣ ይውላል። ውፍረትን ለመቀነስ ማሰብ በራሱ ነውር አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም መንገድ እንደሚከፍት ሐኪሞች ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ስለዚህ እኔ የምቃወመው መክሳትን ሳይሆን የምንከሳበትን መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ረኃብን እንደ ጠላት ቈጥረን ታግለን ልንጥለው እንነሣለን። ረኃብ ግን በትግል የሚወድቅ ሳይሆን በብልኀት የሚያዝ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ረኃብ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ረኃብ የሆዳምነት ማስረጃ አይደለም፤ ሰውነት የሚልከው መልእክተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ ባደረጉት ምርመራ፣ ከሰውነት ስብ ለሚመነጨውና ኋላ ሌፕቲን ለተባለው ቅመም ምንጭ የሆነውን ጂን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ከጨጓራ የሚወጣውን ግሬሊን አገኙ። ግሬሊን ለመብላት በለመድንበት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ በልተን ስንጨርስ ዝቅ ይላል። ሌፕቲን ደግሞ ስባችን በቀነሰ ቍጥር አብሮ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ አንጎላችን «ክፉ ዘመን መጥቷልና ብላ» ብሎ እንደ ማዘዝ ይሆናል። እንግዲህ ምግቡን በአንድ ጊዜ የቈረጠ ሰው የሚታገለው ከገዛ ሰውነቱ ጥበቃ ጋራ ነው።

ትግሉ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምርመራ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባሉ ሊቅ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስገብተው መረመሩ። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንት በቀን 1,600 ካሎሪ በማይሞላ ምግብ ኖሩ፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህሉን አጡ። በዚህ ጊዜ ቍጡዎችና ትካዜ የበዛባቸው ሆኑ፤ በሥራም ላይ ልባቸውን መሰብሰብ ተሳናቸው። ቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። በኋላ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ያለ ልክ በሉ። እነዚህ ሰዎች ፈቃደ ደካሞች አልነበሩም፤ ለዓላማ ብለው በረኃብ ለመሰቃየት የተሰለፉ ነበሩ። የእነርሱ ቈራጥነት ያልቻለውን፣ ከሒሳብ ፈተና በፊት ቍርሱን የተወ ተማሪ ይችለዋል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

ይልቁንም ለእኛ ለተማሪዎች ነገሩ ይብሳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዐርፈን በተቀመጥንበት ሰዓት ከምንፈጀው ኃይል 20 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል። አጥንታችንም ገና የሚጠነክርበት ዕድሜ ላይ ነን። ቍርስና ምሳ ትቶ የዋለ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ የቀኑን ሁሉ በአንድ መሶብ ይክሳል፤ ከዚያም ራሱን ይወቅስና በማግሥቱ እንደገና ይራባል። በዚህ መንገድ ትምህርቱም ክብደቱም አይቃናም።

ታዲያ ብልኀቱ ምንድር ነው? መጀመሪያው ምን እንደምንበላ መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 38 ዓይነት ምግቦችን እኩል 240 ካሎሪ አድርገው ለሰዎች አበሉ፤ ለ2 ሰዓትም ምን ያህል እንዳጠገባቸው ጠየቁ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ቢነሡ ቅቅል ድንች 323 ሆነ፤ ቅቤ የበዛበት ክሯሶን ግን 47 ብቻ ሆነ። ካሎሪው እኩል ሆኖ ጥጋቡ ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ተለያየ ማለት ነው። ውሃ፣ ገለባና ፕሮቲን ያለው ምግብ ሆድን ይይዛል፤ ቅባትና ስኳር የበዛበት ግን ሳይታወቅ ያልፋል።

ይህን ለማግኘት ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም፤ ከቤታችን ማድ ቤት አለልን። የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ቅቅል ድንችና ቅቅል እንቁላል ሁሉ የሚያጠግቡ ናቸው። መጠንቀቅ የሚገባን ለዘይቱ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለውና። እንዲሁም በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም 7 የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ለስላሳውን ትቶ ሽሮውን የበላ ተማሪ፣ ሽሮውን ትቶ ለስላሳውን ከጠጣው ይልቅ ረኃቡን ይችላል።

ሁለተኛው ብልኀት እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመረመሩ 12 ወጣት ወንዶች ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ቢተኙ፣ ረጅም እንቅልፍ ከተኙበት ጊዜ ይልቅ ግሬሊናቸው በ28 ከመቶ ከፍ አለ፤ ሌፕቲናቸውም በ18 ከመቶ ዝቅ አለ። ሌሊቱን በስልክ ላይ አፍጥጦ የሚያድር ሰው በማግሥቱ ለምን እንደሚርበው እዚህ ላይ ያገኘዋል።

አሁን ደፍሬ ወደምናገረው ነገር ልምጣ። ከመካከላችን አንዳንዶች መክሳትን በጾም ስም ይሸፍኑታል። እናት «ልጄ፣ ምነው ሳትበዪ?» ስትል፣ «እማዬ፣ ጾመኛ ነኝ» የሚል መልስ ይሰጣታል። እናትም ጾምን ስለምታከብር ዝም ትላለች። እንዲህ ሲሆን ረኃቡ የሚጠብቀው ሰው ያጣል። ጾም ግን ልክ አለው። የረቡዕና የዓርብ ጾም የሚፈታበት ሰዓት አለው፤ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች በፋሲካ ያልቃሉ፤ ረመዳንም በየማታው አፍጥር፣ በመጨረሻውም ዒድ አለው። ሁሉም ከቤተ ሰብና ከጎረቤት ጋራ የሚደረግ ነው። የተደበቀ ረኃብ ግን ማፍጠሪያም ፋሲካም የለውም፤ ጾመኛው ብቻውን ነው። ስለዚህ መክሳት የፈለገ ሰው በግልጥ ይክሳ እንጂ የጾምን ስም አይዋስ።

አንዳንድ ሰዎች «በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሕዝብ በፈጀበት አገር ስለ መክሳት መጻፍ አያሳፍርምን?» ይሉ ይሆናል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለውን ተረትም እጠቅስላቸዋለሁ፤ ነቀፋቸው እውነት አለበትና። ነገር ግን ረኃብ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሕዝብ ልጆች እንደ መሆናችን፣ ረኃብን እንደ ጌጥ ልንይዘው አይገባም። ምግብ ሳለ ራስን ማስራብ ለተራበው ወገን አንድ እንጀራ አይጨምርለትም።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ልመና አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ «ወፈርህ፣ ከሳሽ» ማለትን ትታችሁ ልጃችሁ በልቶ መዋሉን ጠይቁ። መምህራን ሆይ፣ በግቢያችን ሱቅ ከብስኩትና ከለስላሳ ጎን ንፍሮና ቅቅል እንቁላል እንዲሸጥ እርዱን፤ በጓደኛው ገላ የሚሣለቀውንም ገሥጹልን። ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ መቀነስ ያስፈልገን እንደ ሆነ መስተዋት ወይም የጓደኛ ምላስ ሳይሆን ሐኪም ይንገረን፤ በእኛ ዕድሜ ክብደት የሚመዘነው ከቁመትና ከዕድሜ ጋራ ተያይቶ ነውና። ለአዋቂ ሰው እንኳ ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

መልእክተኛን የሚደበድብ ሰው መልእክቱን ሳይሰማ ይቀራል። ረኃብ ሲመጣ ምን ሊል እንደ መጣ እንጠይቀው፤ የሚገባውንም በልክና በሰዓቱ እንስጠው። ያን ጊዜ ሰውነታችን ከእኛ ጋራ ይሠራል እንጂ በእኛ ላይ አይነሣም።