ከፊታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ጠይቁት

የዛሬው ወሬያችን ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም፣ ስለ ፖለቲካም አይደለም። ስለ ፍሪንጅ ነው። አዎ፣ ግንባር ላይ ወረድ ተደርጎ ስለሚቆረጠው ፀጉር። (ባንግ የሚሉትም አሉ፤ በስሙ አንጣላም።) “ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?” የምትሉ ጥቂት ታገሱን። በመካከላችን ያሉት ወንዶችም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያሉት፤ ኋላ ግን ክርክሩን አልለቅ ያሉት እነሱ ሆኑ።

ፍሪንጅ ልትቆረጥ የተነሳች ልጅ መጀመሪያ የምትሰማው ምክር የታወቀ ነው። “ፊትሽ ክብ ከሆነ ግንባርሽን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ወፍራም ፍሪንጅ ተይ፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለውን ወይም መሃሉ ተከፍሎ እንደ መጋረጃ ግራና ቀኝ የሚወርደውን ያዢ። ፊትሽ ረዘም ያለ ከሆነ ቅንድብሽ ላይ የሚያርፈው ሙሉው ፍሪንጅ ያምርብሻል። መንጋጋሽ ሰፋ ካለ ጫፉ ለስለስ ያለ፣ ግንባርሽ ሰፍቶ አገጭሽ ከሾለ ሳሳ ያለ። ፊትሽ እንቁላል ቅርፅ ከሆነ ግን እድለኛ ነሽ፣ ደስ ያለሽን ተቆረጪ።”

ምክሩ ውሸት አይደለም። ዓይን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው። ግንባር ላይ አግድም የተሰመረ ወፍራም መስመር ፊትን ከላይ ቆርጦ ያሳጥረዋል፤ ሰያፍ የወረደ ደግሞ ዓይንን ወደ ታች እየሳበ ያስረዝመዋል። ይሄን የሚያውቅ ፀጉር ሠሪ ጥሩ ፀጉር ሠሪ ነው። የእኛ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው።

አንደኛ፣ ምክሩ እንቁላል የመሰለውን ፊት ልክ፣ ሌላውን ሁሉ ጥገና የሚያስፈልገው አድርጎ ይነሳል። ክቡን አስረዝሙት፣ ረጅሙን አሳጥሩት፣ ሰፊውን አጥብቡት! ሁላችንም አንድ ዓይነት እንቁላል ሆነን ከተማው የዶሮ እርባታ ሊመስል ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን ምክሩ ስለ ፊት ሲያወራ ውሎ ስለ ፀጉሩ አንድም ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ፀጉሩ ለስላሳና ቀጥ ያለ እንደሆነ ገምቶ ነው የሚጀምረው። የእኛ ሰው ፀጉር ግን ከዞማ እስከ ጥቅልል ድረስ ስንት ዓይነት ነው! በአንድ ቤት የተወለዱ እህትማማቾች እንኳ አንድ ማበጠሪያ አይበቃቸውም።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይሄ ነው። የጥያቄው ቅደም ተከተል ይገልበጥ። መጀመሪያ ፀጉሩ ይጠየቅ፣ ቀጥሎ የግንባሩ ዳር፣ ቀጥሎ ኑሮው፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ።

ከፀጉሩ እንጀምር። ጥቅልል ፀጉር ሲርስ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በጣም ጥቅልል የሆነው ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ርዝመቱን ሊደብቅ ይችላል። ታዲያ እርጥቡን ፀጉር ወደ ታች ስቦ ቅንድብ ላይ የሚቆርጥ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አስቡት። ፀጉሩ ሲደርቅ ፍሪንጁ ከቅንድብ ተነስቶ ግንባር አናት ላይ ጉብ ይላል። ያኔ የሚቀረው ሻሽ ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥቅልል ፀጉር ፍሪንጅ የሚቆረጠው በደረቁ፣ ሁልጊዜ በሚዋልበት ሁኔታ፣ ከሚፈለገው ረዘም ተደርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። መቀስ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ያዡ ነው። ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከቅንድብ እስከ አገጭ ለመድረስ ከ1 ዓመት በላይ ይፈጃል። በ5 ደቂቃ የተቆረጠውን ዓመት ሙሉ በእስፒል ይዞ መዞር የሚመጣው ከዚህ ነው።

“ታዲያ በፔስትራ ቀጥ አደርገዋለሁ” የምትል አትጠፋም። መልካም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሌላውን ፀጉር በሳምንት አንዴ ተኩሳ የምትከርም ልጅ ፍሪንጇን በየማለዳው ትተኩሳለች፤ ምክንያቱም ግንባር ያልባል፣ ፀጉሩም አጭር ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። በሙቀት ቀጥ ያለ ፀጉር ቀጥ ብሎ የሚቆየው እርጥበት እስኪያገኘው ድረስ ነው። ጠዋት በፔስትራ የተኛው ፍሪንጅ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የአዲስ አበባ ክረምት ታክሲ ሰልፍ ላይ እያለ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። መብራት የጠፋ ዕለትማ አይነሳ! መልክን ከመብራት ኃይል ጋር ማዋዋል ትልቅ ድፍረት ነው።

ከሁሉም የከፋው እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ማሳረፍ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ በአንዴ ወደ እንፋሎትነት ሲቀየር የፀጉሩን ዘንግ ከውስጥ ይነፋዋል፤ ፀጉሩም እዚያው ላይ ይሰበራል። ያቺ “ጭስስ” የምትል ድምፅ የውበት ድምፅ አይደለችም። የግድ ከሆነ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ሙቀቱ ዝቅ ይበል፣ አንዴ ብቻ ይለፍበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ አንድ ትልቅ ቢጎዲን ግንባር ላይ ጠቅልሎ ቁርስ እስኪቀርብ መጠበቅ። መብራት አይፈልግም።

የማለስለሻ ኬሚካሉን ነገር በአጭሩ እናንሳውና እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ወደ 33,500 የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ውጤቱ ታትሞ ነበር። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ እንደተጠቀሙ የተናገሩት ከማይጠቀሙት ይልቅ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ኬሚካሉ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጠም፤ በሽታውም ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። ቢሆንም ለ5 ሳንቲ ሜትር ፀጉር ብሎ በየ2 ወሩ ለሚነከር ሰው ቆም ብሎ ማሰቢያ ይሆናል።

ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሚሼል ኦባማ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ፍሪንጅ ተቆርጠው ብቅ ሲሉ የዓለም ሚዲያ ከባለቤታቸው ቃለ መሐላ እኩል አወራላቸው። እሳቸውም የጉልምስና ቀውሴ ነው ብለው ቀለዱበት። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ እዚያው አሜሪካ ቆመው የተናገሩት ግን ቀልድ አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ ዘመን ፀጉራቸውን ሹሩባ ያልተሠሩት ሕዝቡ ገና ዝግጁ አይደለም ብለው በማሰባቸው እንደነበር ገለፁ። ያ ዓለም ያጨበጨበለት ፍሪንጅ ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ የተቆረጠ ነበር። ሹሩባው ግን ቀኑን መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ፤ ወደ ግንባሩ ዳር። እዚህ ላይ እባካችሁ ቀልዱን እንተወው።

በዙሪያችን ፍሪንጅ ከሚቆረጡት፣ ፍሪንጅ ያለው ዊግ ከሚያደርጉት ልጆች ስንቶቹ ናቸው ፊታቸው ላይ ስለሚያምር የመረጡት? ስንቶቹስ ናቸው ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ የሳሳውን ፀጉር ለመሸፈን የመረጡት? አልቆጠርንም። ግን የየራሳችሁን እህትና ጓደኛ አስቡ። አጥብቆ መሥራት፣ ከባድ ቅጥያ፣ የዊግ ማጣበቂያ፣ ከኋላ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ጅራት፤ ሁሉም ግንባር ዳር ያለውን ስስ ፀጉር ከሥሩ ይስቡታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በወጣ ጥናት ከተመረመሩት አፍሪካውያን ጎልማሳ ሴቶች ወደ ሲሶ በሚጠጉት ላይ ይሄው በመሳብ የሚመጣ መሳሳት ታይቷል። ሐኪሞች ችግሩን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ከሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ ግንባር ዳር ላይ የምትቀር የአጫጭር ፀጉር መስመር ናት። ስሟን ምን ብለው ሰየሟት መሰላችሁ? የ“ፍሪንጅ” ምልክት! እንግዲህ አንዱን ፍሪንጅ በሌላው ፍሪንጅ እየሸፈንን ነው ማለት ነው።

መሸፈን ነውር ነው አላልንም። የተሸፈነ ነገር ግን አይታይም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ አይታከምም። የዚህ መሳሳት ትልቁ ምስጢር ጊዜ ነው። በጊዜ ከተደረሰበትና መሳቡ ከቆመ ፀጉሩ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ለዓመታት ከተሳበ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ፍሪንጅ ተቆርጣ ከፍሪንጁ ኋላ ያንኑ ጥብቅ ሹሩባ የምትቀጥል ልጅ የምትገዛው ውበት አይደለም፤ መዘግየትን ነው።

“ሹሩባ ካላመመ አይቆይም” የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱም ይገባናል። ሹሩባ ገንዘብ ነው፣ ግማሽ ቀን ነው፤ ለአንድ ወር የሚቆየውን ትቶ በሳምንት የሚላላውን ማን ይፈልጋል? ግን ሕመሙ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፣ የሥሩ ጩኸት ነው። ከተሠራችሁ በኋላ ቆዳችሁ ከቆሰለ፣ ከፀጉሩ ሥር ብጉር መሳይ ነገር ከወጣ፣ ቅንድባችሁ ወደ ላይ የተወጠረ ከመሰላችሁ ይፈታ። “ላላ አድርጊልኝ” ማለት ሠሪዋን መስደብ አይደለም። በተለይ ለበዓል እያለቀሱ የሚሠሩ ሕፃናት! እነሱ “ላላ አድርጊልኝ” የማለት መብታቸውን ገና አላወቁትም፤ እኛ እንበልላቸው። የሳሳው ነገር ከሰነበተ ደግሞ ከፀጉር ቤት በፊት የቆዳ ሐኪም።

የሚገርመው ግንባር በእኛ ባህል የሚደበቅ ቦታ አልነበረም። ጋሜው፣ ቁንጮው፣ ሳዱላው ዕድሜንና ወግን የሚናገር ነበር። ሹሩባው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ግንባር ተገልጦ ይታያል፤ በብዙ ቦታ ንቅሳቱ ሳይቀር እዚያው ላይ ነው። ቋንቋችንም ያውቀዋል። መሥሪያ ቤት ሁሉ “በግንባር ቀርበው ያመልክቱ” ነው የሚለው። (ፍሪንጅ ያላቸው አመልካቾች እንዴት እንደሚስተናገዱ መመሪያ አልወጣም።) በሌላ በኩል ይሄው ቋንቋችን አንዱን ፀጉር “ዞማ” ብሎ ያሞግሳል፣ ሌላውን “ከርዳዳ” ብሎ ይሰድባል። ከባህላችን የሚወሰድም የሚተውም አለ ለማለት ያህል ነው።

የቀረው ኑሮ ነው፤ እሱን ቶሎ ቶሎ እንበለው። ፀጉራችሁን ቅቤ ወይም ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ፍሪንጁ ቅባቱን ግንባር ላይ ያሳርፈዋል፤ ብጉር ከዚያ ነው የሚመጣው። ማታ ወደ ላይ ያዙት፣ ግንባራችሁን ታጠቡ። መነፅር የምታደርጉ ከሆነ ሙሉው ፍሪንጅና ወፍራሙ ፍሬም ተደራርበው ዓይናችሁን ይውጡታል፤ ሳሳ ያለው ይሻላችኋል። ነጠላ የምታጣፉ፣ ሻሽ የምታስሩ ደግሞ በየቀኑ ስንቴ እንደምትከናነቡ አስቡ። ከመቆረጥ በፊት መሞከርም ይቻላል፤ ፀጉርን አናት ላይ አስሮ ጫፉን ወደ ፊት ግንባር ላይ ጣል ማድረግና በእስፒል መያዝ። አንድ ቀን እንዲያ ውላችሁ ካልሰለቻችሁ ቁረጡት።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አሁን ወደ መስታወት ሂዱና ፊታችሁን እዩት። ክብ ነው? ረጅም ነው? የላይኛውን ምክር አንብቡና ከፈለጋችሁ ተከተሉት፣ ካልፈለጋችሁ ክቡን ፊታችሁን በሙሉ ፍሪንጅ ይበልጥ ክብ አድርጉት። ማን ይከሳችኋል?

“ፋሽን ነው፣ ምን አካበዳችሁት?” ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ለደስታ የሚደረግ ፍሪንጅ ፋሽን ነው፤ እሰየው። በሐፍረት የሚደረግ ግን ሌላ ስም አለው፣ እሱም በመቀስ አይድንም። ለፀጉር ቤት ባለቤቶችም አንድ ልመና አለን። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ “ምን ዓይነት ፍሪንጅ?” ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን ግንባሯ ዳር ላይ አሳልፉ። የሳሳ ነገር ካያችሁ ቀስ ብላችሁ፣ በጆሮዋ ንገሯት። የዚያን ዕለት አንድ ሥራ ታጡ ይሆናል፤ ደንበኛዋ ግን ፀጉሯን ይዛ ዓመታት ትመላለሳለች።

ቸር ያገናኘን።