ሚዛን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

በዚህ ዕትም የምንነጋገረው ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው በአፋችን ስለማናወጣው ጉዳይ ነው፤ ስለ ሰውነት ክብደት። ቅባትና ስኳር መቀነስ፣ መንቀሳቀስም እንደሚገባን አብዛኞቻችን እናውቃለን። የምናውቀውን እንዳናደርግ የሚይዘን ግን ሆዳችን ብቻ አይደለም፤ አእምሯችንም ነው።

ሐዋሳ የምትኖሩ ወይም ደርሳችሁ የተመለሳችሁ ጉዱማሌን ታውቁታላችሁ። የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን በየዓመቱ የሚያከብርበት፣ በሐይቁ አቅራቢያ ያለው ሰፊ ስፍራ ነው። ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ «ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር በዚያ ተራመዱ» ብትባሉ በመጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? «እግሬን ይደክመኝ ይሆን?» የሚለው ነው ወይስ «የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?» የሚለው? መልሳችሁ ሁለተኛው ከሆነ እንቅፋቱ ያለበትን ቦታ አገኛችሁት ማለት ነው። እስቲ ሦስቱን እንቅፋቶች እንያቸው።

1. «ተመችቶሻል!»

በአገራችን ወፈር ማለት የኑሮ መሻሻል፣ መክሳት ደግሞ የበሽታ ወይም የሐዘን ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በተለይ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን የከሳ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ዛሬም አንዲት እኅት ለፍታ 4 ኪሎ ቀንሳ ስትመጣ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ? ቤት ሰላም ነው?» ትባላለች። ባሏ የቀነሰ እንደሆነም «አታበላውም» እንዳይሏት ትሰጋለች። ስለዚህ መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ «ደኅና ነኝ፣ ለጤናዬ ብዬ ነው» ማለት ይበቃል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሲመጡ «ተመችቶሻል» ያለችን ጎረቤት አትታመምልንም።

2. «ከሰኞ ጀምሮ»

ብዙዎቻችን ወይ ሁሉንም ወይ ምንም ማለት ይቀናናል። ሰኞ እንጀምራለን፣ ቅዳሜ ሠርግ ቤት እንጠራለን፣ ከዚያ «አንዴ ተበላሽቷል» ብለን እስከሚቀጥለው ሰኞ እንበላለን። አንድ ሳህን የወር ጥረትን አያፈርስም። የሚያፈርሰው «በቃ፣ እኔ አልችልም» ብሎ መተው ነው። ከሠርጉ በኋላ የሚመጣው ቁርስ ራሱ አዲስ መጀመሪያ ነው።

ደግሞም የሩቁን ብቻ እያያችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከእነርሱ መካከል ክብደታቸውን በ7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የተረዱት፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 150 ደቂቃውም በሳምንት ለ5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። እንደ ሙሽሪት ዘመን መቅጠን አይጠበቅባችሁም።

3. «በሞቴ!»

ምግብ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው። ጉርሻን እንቢ ማለት የሰጠንን ሰው እንቢ ማለት ይመስለናል። ጉርሻውን በፈገግታ ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን ሳህን ግን በፈገግታ መልሱ። እንግዳ ስትቀበሉም «በሞቴ» የሚለውን ማስገደጃ ተዉት። የሰው ፍቅር በበላው መጠን አይለካም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ይበልጥ ይመለከታል። ሚስቱን በሰው ፊት «አንቺ ደግሞ ወፈርሽ» የሚል ባል ራሱ ማታ ለስላሳ አንጠልጥሎ ይገባል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር አለ። ባሏን በቦርጩ የምትቀልድ ሚስትም ወጡ ላይ ዘይቱን ስታፈስ አትሳቀቅም። ፌዝ ማንንም አላቀጠነም። የተፌዘበት ሰው ያፍራል፣ ሲያፍር ተደብቆ ይበላል። «አንቺ ቀንሺ»፣ «አንተ ቀንስ» ከመባባል «እንቀንስ» በሉ። ለስላሳው ከቤት ሲወጣ ለሁለታችሁም ይውጣ፤ ማለዳ ሲነሣም አንዱ ሌላውን ይቀስቅስ።

«ዋናው ነፍስ ነው» ብለን ሰውነታችንን የምንረሳም አንጠፋም። ነገር ግን ልጆቻችንን የምናሳድገው፣ አረጋውያን ወላጆቻችንን የምንጦረውና የምናገለግለው በዚሁ በአደራ በተሰጠን ሰውነት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ሦስት ማለዳዎችን ብቻ ምረጡ። ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሐዋሳ ላሉ ጉዱማሌ ቅርብ ነው፤ ሌሎቻችሁም የሰፈራችሁ መንገድ አለላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ የሚያያችሁ ይመስላችኋል። በሦስተኛው ግን የሚያልፈው ሰው ሁሉ የራሱን ሐሳብ ይዞ እንደሚሄድ፣ በሐይቁ ዳር የቆመው አባ ኮዳም ዓሣ እንጂ እናንተን እንደማይጠብቅ ታያላችሁ። ያን ቀን ሚዛኑ ገና ምንም ባያሳይ እንኳ አንድ ሸክም ከአእምሯችሁ ወርዷል።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቤታችሁ የሰላም ይሁን።