ኳሱ በ5 ሰከንድ፣ ሒሳቡስ በስንት ቀን?

ታንኳ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ጭነት ይዞ የሚመላለሰው የደንገል ታንኳ ነው። በሌላው ዓለም ግን ታንኳ ለጭነትና ለመንገድ ብቻ ሳይሆን ለኳስ ጨዋታም ውሏል፤ ጨዋታውም የታንኳ ፖሎ ይባላል። የንግድ ጋዜጣ ስለ ስፖርት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ታላቅ ውድድር በሚደረግበት ከተማ ሁሉ ምግብ አቅራቢው፣ ድንኳን አከራዩ፣ ባለመኪናውና ባለሱቁ አብረው የሚሠለፉ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የነጋዴም ጉዳይ መሆኑን እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

የጨዋታው ሕግ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። 35 ሜትር በ23 ሜትር በሆነ የውሃ ሜዳ ላይ ከየወገኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው በአጭር ታንኳ ተቀምጠው ይገጥማሉ። ግቡ 1 ሜትር ተኩል ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ኖሮት ከውሃው በላይ በ2 ሜትር ከፍታ የተንጠለጠለ ነው። ኳሱን በእጅ መወርወር ወይም በመቅዘፊያ መምታት ይቻላል፤ ግብ የሚጠብቀውም መቅዘፊያውን ወደ ላይ አንሥቶ ይከላከላል። ኳስ የያዘውን ሰው ባላጋራው ትከሻውን በመዳፉ ገፍቶ ከነታንኳው እንዲገለብጠው ስለሚፈቀድለት፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ያደርጋሉ፤ የተገለበጠውም በውሃው ውስጥ ዞሮ ተመልሶ ይቀናል። ጨዋታው አሥር አሥር ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ ኳስ በእጁ የገባ ተጫዋች ከ5 ሰከንድ በላይ ሊያቆየው አይችልም፤ ሁለተኛው፣ ኳሱን ያገኘ ቡድን በ60 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መሞከር አለበት። ይህን የተላለፈ እንደ ሆነ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ ኳሱም ለባላጋራው ይሰጣል። በዚያ ውሃ ላይ ይዞ መቀመጥ ክልክል ነው ማለት ነው።

የታንኳ ፖሎ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ነው። ከዚያም በኦሎምፒክ ቦታ ላላገኙ ስፖርቶች በ1981 በአሜሪካ በሳንታ ክላራ ከተማ ወደ ተመሠረተው «የዓለም ጨዋታዎች» በ2005 በጀርመን በዱይስቡርግ ገባ። በ2009 በካኦሽዩንግ፣ በ2013 በካሊ፣ በ2017 በቭሮትስዋፍ፣ በ2022 በበርሚንግሃም፣ በ2025 በቼንግዱ ተጫውተውታል። የዚህ ውድድር ደንብ የሚያስመሰግነው፣ አስተናጋጁን ከተማ አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ አለማስገደዱና ባለው ስፍራ እንዲጠቀም መፍቀዱ ነው። ለታንኳ ፖሎም የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ውሃ፣ የሜዳውን ወሰን የሚያሳይ ተንሳፋፊ ገመድና ሁለት የተንጠለጠሉ ግቦች ነው። ቁጠባን ለሚያውቅ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ አሠራር አይገኝም።

ነገር ግን ቁጠባ ያለበት ዝግጅት ሁሉ ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ሀገር በበርሚንግሃም ከተማ የተደረገው ውድድር ለ2021 ታስቦ፣ በዓለም ላይ በወረደው ወረርሽኝ ምክንያት የቶክዮ ኦሎምፒክ በመተላለፉ፣ ወደ ሐምሌ 2022 ተዛወረ። ጨዋታው አልቆ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አዘጋጆቹ ለአቅራቢዎች ያልከፈሉት ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ተገኘ። ከመግቢያ ቲኬትና ከደጋፊ ድርጅቶች ይገባል የተባለው ገንዘብ እንደ ታሰበው አልገባም ነበር። በነሐሴ ወር የከተማው ምክር ቤት 5 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ እንዲከፈል ፈቀደ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ሒሳብ የተነገረ ይመስላል።

ታላቅ ውድድር ለከተማው ስም ያተርፋል፣ እንግዳ ይስባል፣ ስለዚህ አቅራቢው ጥቂት ቢታገሥ ምን ይጎዳዋል የሚሉ አሉ። ስም ማትረፍ መልካም መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን ስም የሱቅ ኪራይ አይከፍልም፣ ቀረጥ አያስቀርም፣ የባንክንም ወለድ አያቆምም። ትልቁ ድርጅት ስድስት ወር ቢጠብቅ ከሌላ ሥራው ይደጉማል፤ ትንሹ ነጋዴ ግን ያቺን መነሻ ገንዘቡን በየሳምንቱ ካላገላበጠ ሱቁ ይዘጋል። ዋጋው በጊዜው ያልተከፈለው አቅራቢ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ያለ ወለድ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው። ኳስ ለ6 ሰከንድ የያዘ ወጣት በፊሽካ ሲቀጣ፣ የነጋዴን ገንዘብ ለወራት የያዘ ገንዘብ ቤት የሚቀጣበት ፊሽካ አለመኖሩ የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ በየትኛውም አገር ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርብ ነጋዴ ሦስት ነገር እንዲያስብ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ቀብድ ይቀበል፤ ለቀረውም የባንክ ዋስትና ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ የመክፈያው ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ ክፍያውም በቲኬት ገቢ ላይ የተንጠለጠለ አይሁን፤ ምክንያቱም ተመልካች ለማምጣት የተዋዋለው አዘጋጁ እንጂ ዳቦ ያቀረበው ነጋዴ አይደለም። ሦስተኛ፣ የከተማው የንግድ ምክር ቤት ከዝግጅቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከአዘጋጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥ ይጠይቅ። አንድ ነጋዴ ለብቻው ቢጠይቅ እንደ ተጠራጣሪ ይቆጠራል፤ ማኅበሩ ቢጠይቅ ግን ደንብ ይሆናል።

የሚቀጥለው የዓለም ጨዋታዎች በ2029 በጀርመን በካርልስሩሄ እንዲደረግ ተወስኗል። እዚያም በየሜዳው ሰዓት የሚቈጥሩ ዳኞች እንደሚቆሙ ጥርጥር የለውም፤ በሒሳብ ክፍሉም በር ላይ እንዲሁ ሰዓት የሚቈጥር ሰው እንዲቆም እንመኛለን። የእንግዳው ክብር በአቀባበሉ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የባለቤቱም ክብር የሚታወቀው ድግሱ ሲያልቅ ለወጥ ሠሪዋና ለውሃ ቀጂው በሚከፍለው ነው።