ከአምፖሏ በፊት ምጣዱ

በየሰፈሩ የምታውቀው አባወራ አለ፤ ከመግሪብ በኋላ ከክፍል ክፍል እየዞረ አምፖል የሚያጠፋ፣ ልጆቹንም «ይህ ኢስራፍ ነው!» እያለ የሚቆጣ። ቁጣውስ ባልከፋ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ማድ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ግሎ ካበቃ በኋላ፣ ሊጡ አልደረሰምና ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይነዳል። ስለ እርሱ ማን ተናገረ?

እስቲ እናስላ። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በዚያች ግማሽ ሰዓት የባከነው ኃይል ባለ 10 ዋቷን አምፖል ሌት ተቀን ከ7 ቀን በላይ ያበራ ነበር። ታዲያ ልጅቱን ስለ አንድ ሰዓት ብርሃን ማስለቀስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

«የምከፍለው እኔ!» የሚልም አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወራጅ ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ የውዱእ ውኃ እንዳናባክን አስተምረዋል፤ ወንዝ ደግሞ ሒሳብ አይጠይቅም። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ሁሉም ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ የጎረቤት መብራት ይደክማል። ይህንን የትኛው ደረሰኝ ይከፍለዋል?

ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱ አይሰካ። ሸክላው ግለቱን ቶሎ አይለቅምና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ አጥፍቶ መጋገር ይቻላል። እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አክምባሎው ካልገጠመ ግን ሙቀቱ በጎን እየወጣ ልፋታቸው ከንቱ ነው። አዲስ አክምባሎ እንዲገዛ ከስንት ወር ጀምሮ የሚለመነውም ያው አምፖል አጥፊው አባወራ ነው!