አረንጓዴ ምልክት ማስረጃ አይደለም

ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን በመጨረስ ላይ ሳለ ኮምፒዩተሩ እጅግ ስለ ዘገየበት፥ «ይጠግናል፥ ያጸዳል» የተባለ ፕሮግራም አስገባበት። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ብዙ መቶ ጥፋት በቀይ ቆጠረ፤ ገንዘብ ከተከፈለው በኋላ ግን ሁሉን አረንጓዴ አድርጎ አሳየ። ጓደኛችንም ተደሰተ። ሳምንት ሳይሞላ ሃርድ ዲስኩ ፈጽሞ ሞተ፤ ሁለት ምዕራፍም አብሮ ጠፋ። ለካስ የታመመው ዲስኩ ራሱ ኖሯል። ያረጀ ዲስክ ደግሞ በሶፍትዌር አይታደስም።

ይህን የምንጽፈው ጓደኛችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ያደረግነው ነውና። በላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ማነጻጸሪያ አንዳች ውጤት የማንቀበል እኛ ተማሪዎች፥ ወደ መኝታ ክፍላችን ስንመለስ ሻጩ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት ስለ ምን እንቀበላለን? በሽታውን የሚናገረውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሲሆን ዳኛው ማን ነው?

ሥጋታችን ከባዶ የተነሣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፥ ኦፊስ ዲፖ የተባለውን ባለ ብዙ መደብር ኩባንያና ሶፍትዌሩን ያቀረበለትን ሰፖርት ዶት ኮምን ከሰሰ። ኮሚሽኑ እንዳስረዳው፥ ደንበኛው ከምርመራው በፊት «ኮምፒዩተሩ ይዘገያልን?» ከመሰሉት አራት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ «አዎን» ካለ፥ ምርመራው ምንም ባያገኝ ፕሮግራሙ የጎጂ ሶፍትዌር ምልክት ተገኘ ይል ነበር። ኩባንያዎቹም አንዱ 25 ሚሊዮን፥ ሁለተኛው 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

አንዳንድ ጓደኞች «ካጸዳን በኋላ ግን ፈጥኖልናል» ይላሉ። ሐሰት ነው አንልም። ዲስኩ ሊሞላ የተቃረበ እንደ ሆነ ጊዜያዊ ፋይሎችን መሰረዝ ይረዳል፤ ይህን ግን ዊንዶውስ ራሱ ያለ ክፍያ ይሠራዋል። ደግሞም ከጽዳቱ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ ፍጥነቱን ያመጣው ጽዳቱ ይሁን ዳግመኛ መነሣቱ በምን ታወቀ?

ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሥራችንን ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተን እያስነሣን የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት እንለካ፤ ፕሮግራሙ ከሠራ በኋላም እንደዚሁ እናድርግ። በመጨረሻም ያንኑ ፕሮግራም ምንም ሥራ ባልተቀመጠበት በአዲስና በጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ እንሞክረው። ጤነኛውንም በብዙ መቶ ጥፋት የሚከስ ከሆነ፥ ገንዘባችንን መስጠት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የኮምፒዩተር መምህሮቻችን በወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪውን ከፍተው ይህን ፈተና ከእኛ ጋራ እንዲያደርጉ፥ ማኅበራችንም ውጤቱን በዚህ ጋዜጣ እንዲያወጣው እንለምናለን። የሚመጣው ዓመት ተመራቂ ሁለት ምዕራፍ ካጣ በኋላ ከሚማር፥ ዛሬ በእኛ ጥፋት ቢማር ይሻላል።