በመዝገብ ያልገባች ነፍስ



ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ከአጋሮ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ በጭነት መኪና ተገጨ። የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ መንገዱን ለካ፤ ፕላን አነሣ፤ ሰውዬውም ገና ይናገር ነበርና «ከባድ ጉዳት» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ የጻፈው እውነት ነበር። ቍስለኛው ግን ሆስፒታል ገብቶ በ11ኛው ቀን ዐረፈ። ሐኪሞቹ የራሳቸውን ወረቀት ጻፉ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ የዕድሩም ጸሐፊ የቀብሩን ወጪ በመዝገቡ አሰፈረ። ለፖሊስ «ሰውዬው ሞቷል» ብሎ የነገረ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከአርባው በኋላ ሚስቱ የመድን ካሳ ልትጠይቅ ስትሄድ፥ ባሏ በዚያ መዝገብ አሁንም ቍስለኛ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የማንም ክፋት አይደለም። በብዙ አገሮች በተያዘው ልማድ፥ በመንገድ አደጋ የተጎዳ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ቢሞት ከአደጋው ሟቾች ይቈጠራል። ነገር ግን ቍስለኛው ከተኛበት አልጋ ወደ ፖሊስ መዝገብ ወሬ የሚያደርስ ከሌለ፥ ደንቡ ብቻውን ምን ያደርጋል? የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2018 ባወጣው ዘገባ፥ በ2016 በኢትዮጵያ መንገዶች ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 4,352 ሲሆኑ፥ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነው። ግምት ግምት ነውና እያንዳንዱን አኃዝ አልምልበትም። ሆኖም ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ሲሆን፥ የእኛ ጎረቤት ብቻውን እንዳልተዘነጋ መረዳት አያስቸግርም።

መዝገቦቹን ላስተያይ የሚል ቢነሣም ሌላ ችግር አለ። በፖሊስ ዘንድ የሰውዬው የዓለም ስም ተጽፏል፤ በቤተ ክርስቲያን የተጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ በዕድሩ ደግሞ ሁሉ በሚያውቀው በቤት ስሙ። አንዱ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ተቀብሯል።

የሰዋስው መምህር ነኝና ስለ ወሬው አነጋገርም ጥቂት ልበል። በራዲዮና በጋዜጣ ዘወትር የምንሰማው «መኪናው ተገለበጠ»፥ «አደጋው ሕይወት ቀጠፈ» የሚል ነው። የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት መኪናው ወይም አደጋው ነው፤ የነዳው፥ ከልክ በላይ የጫነው፥ ፍሬኑን ሳያስመረምር ያሰማራው አይገኝበትም። (ሕዝቡ ግን ኢሱዙን በአነዳዱ ምክንያት «አልቃይዳ» ብሎ ሲሰይም፥ የራሱን ዘገባ በአንድ ቃል ጨርሷል።) የፖሊስ ጽሑፍ ከጋዜጣው ይሻላል፤ «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት»፥ «ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» እያለ ምክንያቱን ያስቀምጣልና። እርሱም ቢሆን ከሾፌሩ አልፎ መሄዱ ጥቂት ነው። ገበያው በአስፋልቱ ጠርዝ መዋሉን፥ ለእግረኛ የሚበቃ ዳር አለመኖሩን፥ ኵርባውን ጭጋግ መሸፈኑን ማን ይጽፈዋል? ሾፌሩ ታሰረ፤ ኵርባው ግን እንዳለ ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሌላ ሾፌር ይመጣበታል።

በ2005 ዓ. ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቍጥር 799፥ ገጭቶ በተሰወረ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ሳይቀር ካሳ የሚከፈልበትን ፈንድ ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፥ ቀኑን፥ ቦታውንና የሰሌዳ ቍጥሩን ጻፉ፤ ቍስለኛው ቢያርፍ ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዞ ወደ ፖሊስ ይመለስ። በለቅሶ ቀን ይህን ማሰብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለሆነም ሥራውን ለዕድር ጸሐፊዎች ብንሰጠው ይሻላል እላለሁ። እነርሱ እስክርቢቶ ይዘው ይመጣሉና።

ያች ሴት በሦስተኛው ምልልሷ የሞት ማስረጃውን አቀረበች። «ከባድ ጉዳት» የሚለው ተሰርዞ በላዩ «ሞት» ተብሎ ሲጻፍ ቆማ አየች። ካሳው ገና አልተከፈላትም።