ለምናጠራቅመው ብር ስም እንስጠው



ባለፈው ወር በክፍሌ ላሉ ልጆች ስለ አያቶቻቸው ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዱ ተማሪ፣ "አያቴ ጎንደር ናት። አያቴን በስልክ አውቃታለሁ። በሰመር እንሄዳለን ይላሉ" ብሎ ጻፈ። ፊደሉም ሰዋስውም ልክ ስለነበር ራይት አድርጌ መለስኩለት። "ይላሉ" የምትለዋ ቃል ግን ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። እኛም ቤት ነገሩ ያው ነበርና።

እኔና ባለቤቴ ለሦስት ዓመት "በሰመር አገር ቤት እንሄዳለን" እያልን ልጆቻችንን ስናስጎመጅ ኖረናል። ሳንቆጥብ ቀርተን አይደለም። አንድ የቁጠባ ሂሳብ ነበረን፤ የጉዞውም፣ የልጆቹ ኮሌጅም፣ የክፉ ቀንም ገንዘብ እዚያው አንድ ላይ ይቀመጣል። በልባችን ለያይተነዋል እንጂ የትም አልጻፍነውም። የወንድሜ ሠርግ ሲደርስ ከዚያው ወጣ። የመኪናው ካምቢዮ ሲበላሽ ከዚያው ወጣ። የባለቤቴ አጎት ሆስፒታል ሲገቡም ከዚያው ላክን። አንዱም ወጪ የሚያስቆጭ አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ሠርግ ይደውላል፣ ሕመም ይደውላል፣ ጋራዡም ይደውላል። የልጆች ጉዞ ግን አይደውልም። ስለዚህ ሁልጊዜ "ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን" የሚባለው እሱ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለጉዞ፣ ለኮሌጅ፣ ለክፉ ቀንና ለዘመድ የምናስቀምጠውን ገንዘብ በየስሙ እንለያየው። ለዚህም በስልካችን ላይ በሚሠሩት የበጀት አፖች እንጠቀም። ይህንንም ከልጆቻችን ጋር ሆነን፣ በአማርኛ እናድርገው።

ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን የአስቤዛውን ብር በቦርሳ፣ የእድሩን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣ የበዓሉን ደግሞ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር አድርገው ይለያዩት ነበር። የእድር ብር ለሽንኩርት አይወጣም። ዋይናብና ጉድበጀት የሚባሉት አፖችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እኛ ቤት ልጆቹ የእያንዳንዱን ድርሻ "ቋጠሮ" እያሉ ነው የሚጠሩት። ገንዘቡ ከባንክ አይነቃነቅም፤ አፑ የሂሳብ ደብተር ብቻ ነው። በሂሳባችሁ 4,000 ዶላር አለ እንበል። 1,500ው የጉዞ፣ 1,200ው የክፉ ቀን፣ 800ው የኮሌጅ፣ 500ው የዘመድ ነው ብላችሁ ትመድባላችሁ። ባንኩ "4,000 አላችሁ" ሲላችሁ፣ አፑ "ሥራ ያልተሰጠው ብር የላችሁም" ይላችኋል።

ሂሳቡም ከባድ አይደለም። ለአራት ሰው ትኬት 6,000 ዶላር ቢያስፈልግና ከ20 ወር በኋላ ለመሄድ ብታስቡ፣ በወር 300 ዶላር ነው። በየ6 ወሩ የሚመጣ የ900 ዶላር የመኪና ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ በወር 150 ይሆናል። እንዲህ ተከፋፍሎ ሲቀመጥ፣ ኢንሹራንሱ ሲመጣ የጉዞውን ብር አይነካም። ገቢያችሁ ከወር ወር የሚለያይ፣ ለምሳሌ ኡበር የምትነዱ፣ መመደብ ያለባችሁ እጃችሁ የገባውን ብቻ ነው። "ይመጣል" የተባለ ብር አይቋጠርም።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አፑ አይከለክላችሁም፤ ይጠይቃችኋል። ዘመድ ታሞ 700 ዶላር ቢያስፈልግና የዘመድ ቋጠሮ ውስጥ 500 ብቻ ቢኖር፣ የጎደለው 200 ከየትኛው እንደሚነሳ መወሰን አለባችሁ። ከጉዞው ነው ወይስ ከኮሌጁ? ያኔ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ከጉዞው ብታነሱም ዓይናችሁ እያየ ነው፤ ጉዞው ምን ያህል እንደራቀ ታውቃላችሁ። ድሮ እኛ ቤት ማንም ሳይወስን ነበር የሚያልቀው።

"ለእናቴ በጀት ልመድብላት እንዴ? ነውር ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። አሁን ግን ተቃራኒው ነው የሚሰማኝ። ስም የሌለው ብር ሲኖረን የአገር ቤት ቁጥር ስልኩ ላይ ሲበራ እንደነግጥ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ምን ሊሉን ይሆን እያልን። አሁን ለእነሱ ተብሎ የተቀመጠ ስላለ ስልኩን ሳንሳቀቅ እናነሳለን። ሰላምታውም ይረዝማል።

"ለመቆጠብ ብዬ ደግሞ ለአፕ ልክፈል?" ለሚለው፣ ዋይናብ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ጉድበጀት የቋጠሮው ቁጥር የተወሰነ ነፃ አማራጭ አለው፤ ለጀማሪ አራት አምስት ቋጠሮ ይበቃል። የባንክ ሂሳባችሁን ከአፕ ጋር ማገናኘት ካልፈለጋችሁ በእጅ መመዝገብ ይቻላል። ብቻ በወር አንዴ በወረቀት ገልብጡት። ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው ሚንት የሚባለው ነፃ አፕ በማርች 2024 ተዘግቷል። አፕ ይዘጋል፤ ልማዱ ግን ከእናንተ ጋር ይቆያል።

"ልጅ በብር ጉዳይ ምን አገባው?" የሚለው ደግሞ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነው። የኪራይና የዕዳ ጭንቀት ለልጅ አይነገርም፤ በዚህ እስማማለሁ። የጉዞውን ቋጠሮ ግን ለምን እንደብቃቸው? ልጆች በክፍል "ቆጠበ፣ ጎደለ፣ ተረፈ፣ ደረሰ" የሚሉትን ቃላት ይሸመድዱና በሳምንቱ ይረሷቸዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያውሏቸው ነገር የለማ። የቋጠሮዎቹን ስም በአፑ ላይ በፊደል ጻፉ፤ ስልካችሁ ፊደል ያውቃል። "አያት ጋ መሄጃ" ብላችሁ ጻፉ፤ "ትራቭል" አትበሉት። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ እያለ፣ 15 ደቂቃ ስጡት። ልጁ ስሙን ያንብብ፣ ቁጥሩን በአማርኛ ይጥራ፣ ስንት እንደቀረ ቀንሶ ይንገራችሁ። "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ" የሚለውን እኔ በሰሌዳ ላይ በአንድ ወር የማላስተምረውን ያህል እናንተ በአንድ እሑድ ታስተምሩታላችሁ። ባልና ሚስት ሁለታችሁም አፑን በስልካችሁ ጫኑት፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው በጀት ከጠብ አያድንም።

የእኛ ጉዞ ገና 1,900 ዶላር ይጎድለዋል። ሰመር ላይ እንደርሳለን ብዬ አልምልም። ልጄ ግን አሁን ማታ ማታ ስልኬን አንስታ "እማዬ፣ ስንት ቀረን?" ትለኛለች። ያ የማይደውለው ጉዞ የሚጠይቅለት ሰው አገኘ።

በዚህ ሳምንት አንድ ቋጠሮ ብቻ ጀምሩ፤ ስሙንም ልጃችሁ ያውጣለት። ቅዳሜ ስንገናኝ ምን ብሎ እንደሰየመው ልጁን እጠይቀዋለሁ።

የመካከለኛ ክፍል መምህርታችሁ